ማንም ያላየው ብሎን

 

ዛሬ የማወራችሁ ከእንጨት ስለተሠራ ሮለር ኮስተር ነው። አትሳቁ፤ ትንሽ ታገሡኝ። ወደ መጫወቻ ቦታ የምወስዳችሁ ለጨዋታው ብቻ አይደለም። እዚያ ከጣውላው ሥር፣ ከጩኸቱ በታች፣ አዋቂዎችን ለረጅም ጊዜ ያከራከረ ጥያቄ አለ፦ ሥራውን ችላ ብሎ ምንም ያልተፈጠረበት ሰው፣ ሥራውን ችላ ብሎ ሰው ከተጎዳበት ሰው ጋር ጥፋቱ እኩል ነው?

መጀመሪያ ቦታውን ላሳያችሁ። በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን ውስጥ፣ ኮኒ አይላንድ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። እዚያ «ሳይክሎን» የሚሉት ሮለር ኮስተር እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1927 ሥራ ጀመረ፤ ዛሬም ሰው ይጭናል። ትኬቱ ያኔ 25 ሳንቲም ነበር። ሐዲዱ ወደ 800 ሜትር ይረዝማል። የመጀመሪያው ቁልቁለት 26 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 97 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ጉዞው በሙሉ ግን ሁለት ደቂቃ አይሞላም። «የእንጨት» ይባል እንጂ እንጨቱ ሐዲዱ ነው፤ ተሸካሚው ምሰሶ ብረት ነው። በ1970ዎቹ አጠገቡ ያለው የዓሣ ማሳያ ሊስፋፋበት ሲል ሊፈርስ ነበር፤ የሚወዱት ሰዎች ተከራክረው አስቀሩት። በ1988 ከተማው፣ በ1991 ደግሞ አገሪቱ በቅርስነት መዘገቡት።

ከእሱ በፊትም እዚያው ኮኒ አይላንድ ላይ በ1884 ላማርከስ ቶምፕሰን የሚባል ሰው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ፣ በ5 ሳንቲም የሚያሳፍር ቀርፋፋ ሐዲድ ዘርግቶ ነበር። ሰውን ከመጠጥ ቤት የሚያስቀር ጨዋ መዝናኛ ማቅረብ ይፈልግ እንደነበር ይነገርለታል። ይህን ያነሣሁት ከእናንተ መካከል «ለመፍራት ገንዘብ መክፈል ምን የሚሉት ነገር ነው?» የሚል ስለማይጠፋ ነው። ሰው እረፍት ይፈልጋል፤ ከጓደኛ ጋር መጮህ፣ ከዚያ መሳቅ ይፈልጋል። ሐራም ያልተቀላቀለበትን ሳቅ ማጨለም ሥራችን አይደለም። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ሮለር ኮስተር ሞተሩ ያለው ባቡሩ ውስጥ አይደለም። ሰንሰለት ከታች ይዞት ወደ ጫፍ ይጎትተዋል። ስትወጡ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» የሚለው ድምፅ ልባችሁን ያርዳል አይደል? ያ ድምፅ ግን የሚጠብቃችሁ ነው፤ ሰንሰለቱ ቢበጠስ ባቡሩ ወደኋላ እንዳይንሸራተት ጥርስ በጥርስ እየያዘ የሚሄደው ብረት ድምፅ ነው። ጫፉ ላይ ሲደርስ ሰንሰለቱ ይለቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚነዳው የራሱ ክብደት ብቻ ነው። በየመንገዱ በሰበቃና በነፋስ ጉልበቱን እየከፈለ ስለሚሄድ ቀጥሎ ያሉት ጉብታዎች ሁሉ ከመጀመሪያው ዝቅ ማለት አለባቸው።

አሁን ወደ እንጨቱ። በብረት ሐዲድ ላይ ባቡሩ ይንሸራተታል። በእንጨት ላይ ግን ይንገጫገጫል፤ ጣውላው ያቃስታል፤ ምሰሶው ሲወዛወዝ በዓይን ይታያል። የእንጨቱን የሚወዱ ሰዎች ከብረቱ የሚያስበልጡት በዚህ ነው፦ ሊፈርስ ይመስላል። መወዛወዙ ግን ታስቦበት ነው፤ ትንሽ የሚተጣጠፍ ነገር ጫናውን ይበትነዋል። ሰዉ የሚዝናናው «እዚህ ጠባቂ የለም» በሚል ስሜት ነው፤ እውነቱ ግን በዚያች ሁለት ደቂቃ ውስጥ ከመንገድ ላይ ይልቅ ብዙ ዓይን የጠበቀው መሆኑ ነው።

ጥበቃው የት እንዳለ ላሳያችሁ። የድሮዎቹ ፉርጎዎች ሐዲዱ ላይ የሚቀመጡት በክብደታቸው ብቻ ነበር። በፔንሲልቬንያ አልቱና ውስጥ በ1902 የተሠራው «ሊፕ ዘ ዲፕስ» እንዲህ ያለ ነው፤ ከፍታው 12 ሜትር ተኩል ያህል ነው፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ29 ኪሎ ሜትር አያልፍም። ከዚያ በላይ ቢፈጥን ጉብታው ላይ ተነሥቶ ይበር ነበርና። በ1919 ጆን ሚለር የሚባል መሐንዲስ ከሐዲዱ ሥር የሚሄድ ሌላ ጎማ የፈጠራ መብት አወጣበት። ከላይ አንድ ጎማ፣ ከታች አንድ ጎማ፤ ባቡሩ ሐዲዱን እንደ ጣት ቆንጥጦ ያዘው። ከዚያ ወዲህ ነው ቁልቁለቱ ገደል የመሰለው፤ መቀመጫችሁ ከሥራችሁ የሚሸሸውም ያን ጊዜ የመጣ ነው። ከላይ የተቀመጠው ሰው ይህን ጎማ አያየውም።

ከጎማውም በላይ የማይታይ ነገር አለ። እንጨት ዝናብ ይጠጣል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ያብጣል፣ ይኮማተራል። ዛሬ የጠበቀ ብሎን ከሳምንት በኋላ ሊላላ ይችላል፤ ምስማር ቀስ እያለ ራሱን ያወጣል። ስለዚህ የእንጨት ሮለር ኮስተር ባለበት ቦታ በሩ ከመከፈቱ በፊት ማለዳ አናጺዎች ሐዲዱን በእግራቸው ይሄዱበታል። መዶሻና የብሎን መፍቻ ይዘው፣ እናንተ እየጮኻችሁ የምትወርዱበትን ገደል እነሱ ጣውላ በጣውላ እየረገጡ፣ እየነካኩ፣ እያዳመጡ ይወጡታል። የተሰነጠቀውን ይቀይራሉ፣ የላላውን ያጠብቃሉ፣ ይፈርማሉ። ከዚያ ባዶ ባቡር ይላካል። ሰው የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። እኩለ ቀን ላይ አይስክሬም ይዞ የተሰለፈው ወጣት ከእነዚህ ሰዎች አንዱንም አያውቅም።

የሚታይ ጠባቂ ያላቸውም አሉ። በሜልበርን ከተማ ሉና ፓርክ ከ1912 ጀምሮ በሚሠራው፣ በኮፐንሃገን ቲቮሊ ደግሞ ከ1914 ጀምሮ በሚሠራው የእንጨት ሐዲድ ላይ ፍሬን የሚይዝ ሰው ከተሳፋሪዎቹ ጋር አብሮ ይሄዳል። እሱን ታዩታላችሁ። ሲወርድ አብሯችሁ ይወርዳል፤ ቢገለበጥ አብሯችሁ ይገለበጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ማመን ቀላል ነው። የማለዳው አናጺ ግን እናንተ ስትሳፈሩ ቤቱ ቁርስ እየበላ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ሁለት አናጺዎችን በሐሳባችሁ አስቀምጡልኝ። ሁለቱም እኔ የፈጠርኳቸው ናቸው። በሁለት የተለያዩ ፓርኮች ይሠራሉ፤ ሁለቱም ዐሥራ ምናምን ዓመት ያገለገሉ፣ በሥራቸው የሚታወቁ ናቸው። አንድ ማለዳ ይበርዳል፣ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ሁለቱም የመጨረሻዋ 30 ሜትር ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። «ትናንት አይቼዋለሁ፣ ምንም የለውም» ይላሉ። ይወርዳሉ። ሙሉውን አየሁ ብለው ይፈርማሉ። ባዶው ባቡርም ሄዶ በሰላም ይመለሳል።

በመጀመሪያው ፓርክ ቀኑ እንደ ሌላው ቀን ያልፋል። በሁለተኛው ፓርክ በዚያች 30 ሜትር ውስጥ ሌሊቱን አንድ ብሎን ላልቶ ኖሯል፤ ከሰዓት በኋላ ጣውላው ይነሣል፣ ሰው ይጎዳል። ሁለቱም አናጺዎች ይህን አያውቁም ነበር። ብርዱም፣ ስንፍናውም፣ ፊርማውም አንድ ነው። ማታ ላይ አንዱ ልጁን አቅፎ እራት ይበላል፤ ሌላው ፖሊስ ፊት ቆሟል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ሰው ነው?

ቶሎ አትመልሱ። «እኩል ናቸው» ካላችሁ ሆስፒታል የተኛችውን ልጅ እናት ፊት ቆማችሁ በሉት እስኪ። «ሁለተኛው ይብሳል» ካላችሁ ደግሞ ልዩነታቸውን አሳዩኝ፤ አንዱ ያደረገው፣ ሌላው ያላደረገው ምንድን ነው? የብሎኑን መላላት ሁለቱም አላዘዙትም። በ1976 በርናርድ ዊሊያምስና ቶማስ ኔግል የተባሉ ሁለት ፈላስፎች ይህን ችግር «የሞራል ዕድል» በሚል ስም አንሥተው ተነጋግረውበታል፤ ከዚያ ወዲህ መቋጫ አላገኘም። እኛ «ዕድል» የሚለው ቃል ብዙም አይመቸንም፤ ቀደር እንላለን። ግን ቃሉን መቀየር ጥያቄውን አይመልሰውም። በቀደር የሚያምን ሰው እንዲያውም ጥያቄው ይጠብቅበታል፤ ብሎኑ የላላው በእሱ ፈቃድ ካልሆነ፣ እሱ የሚጠየቀው በምንድን ነው?

እዚህ ላይ የእኛ ፉቀሃዎች የተዉልን አንድ ልዩነት ብዙ ያቀልልናል። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ዝርዝሩን ለዓሊሞች ትቼ ዋናውን ብቻ ልጥቀስ። ኃጢአት አንድ ነገር ነው፤ ለጠፋው ነገር ተጠያቂ መሆን፣ ማለትም ደማን፣ ሌላ ነገር ነው። የተኛ ሰው ተገላብጦ የሰው ዕቃ ቢሰብር ኃጢአት የለበትም፤ የተኛ ሰው ቀለሙ ተነሥቶለታል። ዕቃውን ግን ይተካል፤ የዕቃው ባለቤት ምን በደለና? በስህተት ነፍስ ያጠፋ ሰው እንደ ገዳይ አይታይም፤ ሆኖም ዲያ አለ፣ ከፋራ አለ። የተጎዳው ወገን ሐቅ «አላሰብኩም ነበር» በሚል ቃል አይሰረዝም።

ስለዚህ ሁለት መዝገብ አለ ማለት ነው። በአንዱ መዝገብ ሁለተኛው አናጺ ከመጀመሪያው ብዙ ዕዳ አለበት፤ የልጅቷን አጥንት፣ የእናቷን እንባ ተሸክሟል። ይህ ግፍ አይደለም። ልቡ ከጓደኛው ልብ ይጠቁራል ማለት ግን አይደለም። በሌላው መዝገብ፣ ሰው በማያየው፣ የሁለቱም ገጽ በዚያች ማለዳ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ተጽፎበታል። የዱንያ ፍርድ ቤት የተሰበረ ነገር ካላየ ፋይል አይከፍትም። እውነት ለመናገር እኔን የሚያስጨንቀኝ ሁለተኛው አናጺ አይደለም። እሱ አውቋል፤ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል። የሚያስጨንቀኝ እራቱን በልቶ የተኛው ነው።

አንዳችሁ እንዲህ ልትሉኝ ትችላላችሁ፦ «እሱ እኮ መጥፎ ኒያ አልነበረውም። ሥራ ደግሞ በኒያ ነው የሚመዘነው።» ስለ ኒያ የሚናገረውን ሐዲሥ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ወዮ! ደግሞ ስንት ነገር እንሸፍንበታለን። አዎ፣ ማንም እንዲጎዳ አልፈለገም። ግን አማና የሚፈርሰው በክፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥበቃ ቀላል ነበር፤ ክፉ ሰው ብዙ አይደለም። በእጅህ የተቀመጠ ነገር ሲኖር ክፉ አለማሰብ ብቻውን አይበቃም፤ ያንን ነገር ማሰብ አለብህ። ስንፍና ክፉ ሐሳብ አይደለም፣ የሐሳብ መጥፋት ነው፤ ለዚህም ነው ራሳችንን ስንመረምር ልናገኘው የሚያስቸግረን።

ሌላው ክርክር ይህ ነው፦ «ምንም አልተፈጠረም እኮ! በመጀመሪያው ፓርክ ማን ተበደለ?» ይህ ከባድ ነው፤ ቀስ ብለን እንየው። አንድ የሳይክሎን ባቡር 24 ሰው ይይዛል። እነዚህ 24 ሰዎች ምን ገዙ? ፍርሃት ገዙ። አደጋ ግን አልገዙም። የመዝናኛው ምሥጢር በሙሉ ያለው በእነዚህ በሁለቱ ልዩነት ውስጥ ነው፤ ፍርሃቱ እውነተኛ፣ አደጋው ግን በሰው ልፋት የተወገደ። ትኬቱ ውስጥ የማለዳው ጉዞ ዋጋ አለ። አናጺው በዚያች 30 ሜትር ላይ ያንን አውጥቶ በምትኩ ትንሽ አደጋ ጨመረበት፤ ሳይነግራቸው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ከትተው ከሥሩ እርጥበት ያገኙበትን ታሪክ ታስታውሳላችሁ። ከላይ ደረቅ፣ ከታች ዝናብ የመታው። ያ እህል ምናልባት ተፈጭቶ ቢበላ ማንንም ላያሳምም ይችል ነበር። ነጋዴው የተወቀሰው ግን ሰው ታሞበት አይደለም፤ ገዢው የሚያየውና የሚገዛው ነገር ስለተለያየበት ነው። «ግን ነጋዴው እርጥበቱን ያውቅ ነበር፤ አናጺው የላላ ብሎን መኖሩን አላወቀም» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። አናጺው ስለ ብሎኑ አያውቅም። አለማየቱን ግን ያውቃል። የፈረመው ደግሞ «ብሎኑ ጠብቋል» ብሎ ብቻ ሳይሆን «አይቻለሁ» ብሎ ነው። ውሸቱ ያለው እዚያ ነው፤ ብሎኑ ቢላላም ባይላላም።

«አይቻለሁ» የሚለው ፊርማ በሐዲድ ላይ ብቻ አይደለም። ነርስ የሆነች እህታችን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙቀት ሳትለካ ቁጥር ትሞላ ይሆናል። ሹፌር የሆነው ወንድማችን ፍሬኑን ሳያይ ይነሣል። በውጭ አገር ያላችሁ ለእናቶቻችን ሐኪም ቤት ስታስተረጉሙ ያልገባችሁን ቃል ዘላችሁት ታልፋላችሁ፤ «ያው ነው» ብላችሁ። «የተረጋገጠ ነው፣ ለወዳጆቻችሁ አድርሱ» የሚል መልእክት ወደ ሃምሳ ሰው ስናስተላልፍ ያረጋገጥነው ምኑን ነው? ብዙውን ጊዜ ምንም አይፈጠርም። ዐሥር ጊዜ ዘለን ዐሥር ጊዜ በሰላም ስንወርድ፣ ሰላሙን የራሳችን ጥንቃቄ ውጤት እናስመስለዋለን።

ስለ ተወኩልም አንድ ነገር ልበል። ግመሉን አስሮ ከዚያ በአላህ ስለ መመካት የመጣውን ሐዲሥ ስናነሣ ሁልጊዜ የምናስበው የራሳችንን ግመል ነው። ሮለር ኮስተር ላይ ግን የምታስሩት ነገር የላችሁም። ብረቱ ጭናችሁ ላይ ይወርዳል፣ ቢስሚላህ ትላላችሁ፣ በቃ። ግመላችሁን ሌላ ሰው አስሮታል፤ ወይም አላሰረውም። የዛሬ ኑሯችን አብዛኛው እንዲህ ነው፦ አሳንሰሩ፣ መድኃኒቱ፣ ድልድዩ፣ አውሮፕላኑ። «አላህ ይጠብቀናል» ስንል እናምናለን፤ የሚጠብቅበት ሰበብ ደግሞ በማለዳ መዶሻ ይዞ የወጣ ሰው ነው። ስለዚህ ያ ሰው የዘለላት 30 ሜትር በሌሎች ሰዎች ተወኩል ውስጥ ያለች ናት።

እንግዲህ የመጀመሪያው አናጺ፣ እራቱን በልቶ የተኛው፣ ሌሊት ላይ ቢባንንስ? ከጎረቤት ከተማ የአደጋውን ወሬ ሰምቶ «እኔም እኮ» ቢልስ? ምን ያድርግ? መጸጸት፣ መተው፣ ላለመድገም መቁረጥ፤ እነዚህን ያውቃል። የሰው ሐቅ ካለ ደግሞ መመለስ። ግን ለማን? 24ቱ ሰዎች፣ ቀጥለው የተሳፈሩትም፣ ተበትነዋል፤ ስማቸውን አያውቅም። እነሱም የተወሰደባቸውን አያውቁም።

ጥፋቱን ለአለቃው ይንገር ወይስ ይሸፍን? አላህ የሸፈነውን ነገር መግለጥ እንደማይወደድ እናውቃለንና «ዝም ይበል» የሚል ይኖራል። እኔ ግን መሸፈን የሚባለው በእሱና በጌታው መካከል ላለው ነገር ነው እላለሁ። ያቺ ፊርማ አሁንም መዝገቡ ውስጥ አለች፤ አሁንም «ታይቷል» እያለች ነው፤ ነገ የሚመጣው ሌላ ሠራተኛ እሷን አምኖ ያልፋል። ውሸቱ አላበቃም ማለት ነው፤ ያላበቃ ነገር ደግሞ በጸጸት ብቻ አይዘጋም። ሥራውን ሊያጣ ይችላል። ይህን ቀላል አላደርገውም፤ ልጆች አሉት። እንዲህ ያለ ሰው ሊነግራቸው ሲመጣ የሚያባርሩ አለቆችም ሌሎቹን ሁሉ ዝም እንዲሉ እንደሚያስተምሩ ይወቁት፤ እነሱም ከዚህ ጉዳይ ውጪ አይደሉም።

በሐሳቤ የማየው እንዲህ ነው። በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ይደርሳል። ፈጅርን እዚያው አናጺዎች ዕቃ የሚያስቀምጡበት ክፍል ውስጥ ይሰግዳል። ከዚያ እንደ ወትሮው ከታች አይጀምርም፤ በዚያኛው ጫፍ ይወጣና ትናንት የተዋትን 30 ሜትር ያስቀድማል። ብርዱ እንደ ትናንቱ ነው። ተንበርክኮ እያንዳንዱን ብሎን ይነካል፣ በመዶሻው መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። ሁሉንም ጥብቅ ሆነው ያገኛቸዋል፤ አንድም የላላ የለም። ግራሶ የነካ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይወርዳል፤ ወደ ቢሮ ይገባና የትናንትናውን መዝገብ እንዲያወጡለት ይጠይቃል።